ሻጭ የሚያውቀው፣ ገዢ የማያውቀው

ያረጀ መኪናውን ለማያውቀው ሰው የሚሸጥ ባለቤት፣ ሳይጠየቅ የመኪናዋን ድብቅ ጉድለት የመናገር ግዴታ አለበት? ጥያቄው ለመንደር ወግ እንጂ ለምርምር የሚበቃ አይመስልም። ይሁን እንጂ መኪና ከቤት ቀጥሎ የብዙ ቤተሰብ ትልቁ ሀብት በሆነበት አገር፣ ሁለት ሰዎች አንድ አሮጌ መኪና መሃላቸው አቁመው የሚነጋገሩት ነገር ስለ ፍትሕ፣ ስለ ዝምታና ስለ ስምምነት የምናምነውን ሁሉ ይፈትናል። በዚህ ሐተታ የምሟገትለት ሐሳብ ይህ ነው፦ ሻጭ የሚያውቀውን ድብቅ ጉድለት መናገር እንደ ምርቃት የሚጨመር ደግነት አይደለም፤ ራሱ የሽያጩ አካል ነው። ሐሳቡን የሚቃወሙት ምክንያቶች ግን ብርቱዎች ናቸው። እነሱን ሳይመዝኑ መደምደም ስብከት ይሆናል እንጂ ሐተታ አይሆንም።

ጉዳዩ በቅርብ ሲታይ

አንድ ሽያጭ እናስብ። ጡረታ የወጡ አንዲት ነርስ ለረጅም ዓመት የነዷትን ቶዮታ ኮሮላ ሊሸጡ ነው። መኪናዋ የአዲስ አበባ ሰው «ዲኤክስ» የሚላት ዓይነት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለች ናት። ኮድ 2 ሰሌዳ አላት፤ ሊብሬዋ በስማቸው ነው፤ የዓመቱ ቦሎ ተለጥፎባታል፤ የባንክ ዕዳም እግድም የለባትም። ቀለሟ ገና ያበራል። ነገር ግን ከእሳቸውና ከመካኒካቸው በቀር ማንም የማያውቀው ነገር አለ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ዳገቱን ስትወጣ ሙቀቷ ከፍ ይላል፤ በየጥቂት ቀኑ የራዲያተሯ ውሃ ይጎድላል፤ መካኒካቸውም የቴስታታው ጓርኒሲዮን መበላት እንደጀመረ ነግሯቸዋል። ዛሬ ትሄዳለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሞተር ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል።

ገዢው መካኒክ ይዞ ይመጣል። መካኒኩ ሰላምታውን ሳይጨርስ መዳፉን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል። ብረቱ ከሞቀ፣ እነሱ ከመድረሳቸው በፊት ሞተሩ ተነሥቶ ነበር ማለት ነው፤ የሞቀ ሞተር ደግሞ ጠዋት በብርድ ሲነሳ የሚያወጣውን ጭስና ኳኳታ አያሳይም። ብረቱ ቀዝቃዛ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ይከፍትና ሞተሩን ያስነሳል፤ ውሃው አረፋ እያወጣ መንተክተክ ከጀመረ ከሞተሩ ውስጥ ጋዝ እየገባበት ነው። ቀጥሎ የዘይቱን ክዳን ገልብጦ ሥሩን ያያል፤ ማኪያቶ የመሰለ ቅባት ከተጣበቀበት ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። ትንሽ ማግኔት ከኪሱ አውጥቶ የበሩን ግርጌ ይዳስሳል፤ ላሜራው ዝጎ በስቱኮ ተሞልቶ ከሆነ ማግኔቱ አይይዝም። የፍሬኑን ፔዳል ላስቲክም ያያል። ላስቲኩ አልቆ ልሙጥ ሆኖ ሳለ ቆጣሪው ጥቂት ኪሎሜትር ካነበበ፣ ከሁለቱ የሚዋሸው ቆጣሪው ነው።

ለእያንዳንዱ ምርመራ ሻጭ ማምለጫ ሊያዘጋጅ ይችላል። ወፍራም ዘይት የደከመ ሞተርን ድምፅ ለጊዜው ያለዝባል። ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር ማሸጊያ ፍሳሹን ለተወሰኑ ቀናት ያቆማል። ዘይቱ በዋዜማው ተቀይሮ ክዳኑ ከተጠረገ ከሥሩ የሚታይ ነገር የለም። የእኛ ሻጭ ከእነዚህ አንዱንም አላደረጉም እንበል። ጉዳቱ ገና ጀማሪ በመሆኑ መካኒኩም በግማሽ ሰዓት ምርመራው ምንም አላገኘም። ወጣቱ ገዢ «እናቴ፣ የተለየ ችግር የለባትም አይደል?» ብሎ ይጠይቃል። እሳቸውም «ልጄ፣ ያው አሮጌ መኪና ናት፤ አየሃት እኮ» ይሉታል። በዚህ መልስ ውስጥ አንድም የውሸት ቃል የለም። ገዢው ግን እውነቱን ሳያውቅ ውልና ማስረጃ ሄዶ ይፈርማል።

ቆጣሪ የመለሰ ወይም የሻንሲ ቁጥር የፋቀ ሰው አታላይ መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው ምንም ሳይዋሽ ዝም ያለው ነው።

ዲዮጋንና አንቲጳጥሮስ

ክርክሩ ከመኪና በብዙ ዘመን ይቀድማል። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ አቴና ለሚማር ልጁ በጻፈው «ስለ ግዴታዎች» በተባለው መጽሐፉ ሁለት የስቶይክ ፈላስፎችን ያሟግታል፦ የባቢሎኑን ዲዮጋንንና የእሱን ደቀ መዝሙር የጠርሴሱን አንቲጳጥሮስን። አንድ ነጋዴ ረሃብ ወደ ገባባት ወደ ሮድስ ደሴት ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። ሌሎች የእህል መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን በመንገድ አይቷል። ይህን ለሮድስ ሰዎች ይንገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ሲሴሮ ሌላም ምሳሌ ያክላል፦ ለጤና የማይስማማ፣ ጣውላው የበሰበሰ፣ በየመኝታ ክፍሉ እባብ የሚገባበት ቤት ለሽያጭ ይቀርባል፤ ጉዱን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ዲዮጋን ከሻጩ ጎን ይቆማል። ሻጭ ሕግ ተናገር የሚለውን ይናገር፤ ከዚያ ውጭ እስካልዋሸ ድረስ ንብረቱን በተሻለ ዋጋ ቢሸጥ ማንን በደለ? አለመናገር ሌላ፣ መደበቅ ሌላ ነው። ገዢው ማንም ሳያስገድደው ወዶ የገዛውን ነገር ተታለልሁ ሊል አይችልም። አንቲጳጥሮስ በበኩሉ ሰው ለሰው የተፈጠረ ነው ከሚል ይነሣል። የአንዱ ጥቅም ከሌላው ጥቅም መነጠል የለበትም። መንገድ ለጠፋበት ሰው መንገድ አለማሳየት በአቴና የሚያስረግም ከሆነ፣ ሰውን እያወቁ ወደ ስሕተት መምራት ከዚያ ይብሳል። ሲሴሮ በመጨረሻ ለአንቲጳጥሮስ ይፈርዳል፦ ለራስ ጥቅም ተብሎ ሌላው ቢያውቀው የሚጠቅመውን ነገር እንዳያውቅ ማድረግ መደበቅ ነው።

የዲዮጋን ሐሳብ በእኛም ገበያ ሕያው ነው። «አይቶ ነው የገዛው» የሚለው መከላከያ በየሰፈሩ ይሰማል። በሽያጭ ውሎቻችንም ገዢ መኪናዋን አይቶ፣ አስፈትሾና ወድዶ እንደገዛ የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር የተለመደ ነው። ይህ መከላከያ ኃይል የሚኖረው ግን መታየት በሚችል ነገር ላይ ብቻ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን የኖረው ቶማስ አኲናስ ልዩነቱን በፈረስ ያስረዳል። አንድ ዐይኑ የጠፋ ፈረስ የሚሸጥ ሰው፣ ዋጋውን በልኩ ካደረገ ነውሩን ማወጅ የለበትም፤ ጉድለቱ ለማንም ዐይን ይታያልና። ጉድለቱ ድብቅ ሆኖ ገዢውን ለኪሳራ ወይም ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ ግን ሻጩ መናገር ግዴታው ነው። በእስልምና ሕግም ገዢ ሳያውቅ በገዛው ዕቃ ላይ ነውር ሲያገኝ ዕቃውን የመመለስ ምርጫ አለው።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። የ1952ቱ ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ገዢው ደግሞ የተረከበውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ቶሎ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ተዋዋዮች ዋስትናውን በውል ሊያጠቡ ወይም ሊያስቀሩ ይችላሉ። ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ ግን ያ የውል ቃል አያድነውም። ስለዚህ «አይቼ ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሻጮች እንደሚያስቡት የማይበሳ ጋሻ አይደለም።

ሆኖም ሕጉ የሐተታውን ሥራ አይጨርስልንም። ሴትየዋ ጉድለቱን ማወቃቸውን ማን ያስረዳል? የሚያውቁት እሳቸውና መካኒካቸው ናቸው። ፍርድ ቤት በማስረጃ ይፈርዳል፤ ማስረጃ በሌለበት ቦታ የሚፈርደው ልቡና ነው። ጥያቄያችንም ወደዚያው ይመለሳል፦ ማንም ሊያስረዳብን በማይችልበት ቦታ የሚገባን ምንድን ነው?

የሚሸጠው ምንድን ነው?

አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ማወቅ የሚፈልገውን አብዛኛውን ነገር ከሞዴሉና ከተሠራበት ዓመት ያገኘዋል። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ወር የወጡ ሁለት ኮሮላዎች ገዢን የሚያስጨንቅ ልዩነት የላቸውም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን ሁለቱ አይገናኙም። አንዷ ዘይቷ በጊዜው ሲቀየርላት፣ በአስፋልት ብቻ ስትሄድ ኖራለች። ሌላዋ ኮረኮንች ላይ ከአቅሟ በላይ ተጭናለች፤ ተጋጭታ ሻንሲዋ ተቃንቷል፤ ዘይት እየበላች ከእጅ ወደ እጅ ዞራለች። አሮጌን መኪና ያቺ መኪና የሚያደርጋት ያሳለፈችው ሕይወት ነው።

ያ ሕይወት ደግሞ በብዙ ቦታ አልተጻፈም። ሊብሬው የባለቤቱን ስም፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ይናገራል፤ ስንት ጊዜ እንደሞቀች አይናገርም። የዓመት ምርመራው በዚያች ቀን የነበረችበትን ሁኔታ ያሳያል፤ በማግስቱ የሆነውን አያውቅም። ጋራዡ የሠራውን ሥራ ደረሰኝ ሳይሰጥበት የሚውልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሙሉው ታሪክ የሚገኘው በባለቤቷ ዘንድ ብቻ ነው።

ከዚህ ሐተታው የቆመበት ሐሳብ ይወጣል። አሮጌ መኪኖችን ጥሩና መጥፎ ብሎ መክፈል የተለመደ ነው፤ የበለጠ እውነት የያዘው አከፋፈል ግን የታወቀችና ያልታወቀች የሚለው ነው። ጓርኒሲዮኗ እያለቀ መሆኑ የታወቀ መኪና በልኳ ዋጋ ትገዛለች፤ በሳምንቱ ጋራዥ ትገባለች፤ ጓርኒሲዮኑ ተቀይሮ ብዙ ዓመት ታገለግላለች። ያቺው መኪና ሳትታወቅ ስትሸጥ፣ ገዢው ልጆቹን ጭኖ ወደ ጎጃም ይጓዛል፤ የአባይ በረሃን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ይግላል፤ ቴስታታው ይጣመማል፤ በጥቂት ወጪ ይድን የነበረው ሞተር ያልቅለታል። ጉድለቱ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው። ጉዳቱን ያበዛው አለመታወቁ ነው።

እንዲህ ከሆነ ዕውቀቱ ከመኪናዋ ተነጥሎ የሚቀር የባለቤቷ የግል ምስጢር ሊባል አይችልም። ከቁልፉና ከሊብሬው ጋር አብሮ መሄድ ያለበት ነገር ነው። ቁልፉን ሰጥቶ ታሪኩን ያስቀረ ሻጭ ዋጋውን በሙሉ ተቀብሎ የሸጠውን በከፊል ብቻ አስረክቧል። የስምምነቱ ነገርም እንዲሁ ነው። ወጣቱ ዋጋውን የቆረጠው በሐሳቡ ላለችው፣ ዳገት ላይ ለማትሞቀው መኪና ነው። ሴትየዋ የሸጡት ግን ሌላዋን ነው። ሁለት ሰዎች በሁለት ዕቃ ላይ ተነጋግረው አንድ ዋጋ ላይ ቢደርሱ፣ ተጨባበጡ ይባል ይሆናል እንጂ ተስማሙ ማለት ይከብዳል።

ብርቱው ተቃውሞ

ከሁሉ የበረታው ተቃውሞ የሚመጣው ከምጣኔ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አንድ ጥናት አሳተመ። ጥናቱ አስቀድሞ ከአንድ በላይ በሆኑ መጽሔቶች ተቀባይነት አጥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ግን ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። ሐሳቡን በብር እንመንዝረው። በገበያው 900 ሺህ ብር የሚያወጡ ጥሩ መኪኖችና 500 ሺህ ብር የሚያወጡ ደካማ መኪኖች በእኩል ቁጥር አሉ እንበል። ገዢ አንዷን ከሌላዋ መለየት ካልቻለ ለማናቸውም ከ700 ሺህ ብር በላይ አይሰጥም። በዚያ ዋጋ የጥሩ መኪና ባለቤት «አልሸጥም» ብሎ ይወጣል። ጥሩዎቹ መውጣታቸውን ገዢዎች ሲረዱ ዋጋውን ወደ 500 ሺህ ያወርዱታል። በመጨረሻ ገበያው ላይ የሚቀሩት ደካሞቹ ናቸው።

እንግዲህ ተቃዋሚው እንዲህ ይላል፦ ገበያው ሻጭን ሁሉ አስቀድሞ ጠርጥሮ ዋጋ ቀንሷል። ሴትየዋ እውነቱን ሲናገሩ ሁለት ጊዜ ይቀጣሉ፤ አንዴ በጥርጣሬው፣ አንዴ በጓርኒሲዮኑ። ይባስ ብሎ ገዢው «ይህን ከነገሩኝ ያልነገሩኝ የባሰ ይኖራል» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ዝም ያለው ጎረቤታቸው ግን ተጠርጥሮም ቢሆን የተሻለ ይዞ ይሄዳል። እውነት ተናጋሪን የሚያደኸይ ግዴታ ምን ዓይነት ግዴታ ነው?

ይህን ተቃውሞ በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም፤ የሚናገረው ኪሳራ አለና። ነገር ግን በውስጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ አንድ ታስረዋል። ለጓርኒሲዮኑ የሚቀነሰው ገንዘብ ኪሳራ አይደለም፤ መኪናዋ በእርግጥ ያላት ዋጋ ያንን ቀንሶ ነው። እውነተኛው ኪሳራ በጥርጣሬ የሚቀነሰው ነው። እሱን ያመጣው ማን ነው? ከእሳቸው በፊት የዋሹ ሻጮች ናቸው። ፊታቸው የቆመው ወጣት በዚያ ነገር እጁ የለበትም። ከእኔ የተወሰደውን ካልወሰደው ሰው ላይ ማስመለስ ካሳ ሊባል አይችልም፤ በደሉን ማስተላለፍ ነው። «እኔም ተሸውጄ ነው የገዛሁት» የሚለው የብዙ ሻጭ መጽናኛም በዚሁ ይወድቃል።

በአገራችን ደግሞ የዚህ ሰንሰለት ርዝመት የተለየ ነው። በብዙ አገር መኪና ዓመት በዓመት ዋጋዋ እየወረደ ትሄድና በመጨረሻ ተበታትና በብረትነት ትሸጣለች፤ ድብቅ ጉድለቷም አብሯት ይቀበራል። እኛ ዘንድ የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በአገር ውስጥ ያለችው የነዳጅ መኪና እየተጠገነች ከባለቤት ወደ ባለቤት ትዞራለች። የዛሬ ገዢ የነገ ሻጭ ነው። የተደበቀባት ጉድለትም ከስም ዝውውሩ ጋር አብሮ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ዝም ያለ ሻጭ ለሚቀጥለው ሻጭ ዝምታን ያስተምራል። ሰንሰለቱ የሚቆመው ጉድለቱን የሚያውቅ ሰው ሲናገር ነው። ተናጋሪው ለምን እሳቸው ይሁኑ ቢባል፣ መልሱ የሚያውቁት እሳቸው በመሆናቸው ነው።

ለመታመንም መንገድ አለ። ታማኝ ሻጭ «እመነኝ» ማለት አይጠበቅበትም። ሞተሩን ሳያስነሳ ይጠብቃል። ገዢው ራሱ ወደ መረጠው ጋራዥ መኪናዋን ይዞ እንዲሄድ ይፈቅዳል። ያሉትን ደረሰኞች ያወጣል። ለጓርኒሲዮኑ ሥራ ጋራዡ የሚጠይቀውን ዋጋ በጽሑፍ ያቀርባል፤ ያን ጊዜ ገዢው በፍርሃቱ ልክ መቀነሱን ትቶ በጥገናው ልክ ይቀንሳል። የሚያውቀውንም ጉድለት ውሉ ላይ ያስጽፋል። ይህ ሻጩንም ይጠብቃል፤ ገዢው አውቆ በገዛው ጉድለት ኋላ ሊከሰው አይችልምና።

የግዴታው ድንበር

ግዴታው እስከ የት ይደርሳል? በሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ እንደምናገኘው፣ ሰው በራሱ ላይ ሊደረግ የማይወደውን በሌላው ላይ እንዳያደርግ የልቡና ብርሃን ያስተምራል። መመሪያው መልካም መነሻ ነው፤ ብቻውን ግን ድንበር አያሰምርም። ገዢ ብሆን የሻጩን የመጨረሻ ዋጋ፣ የችግሩን ክብደት፣ የሚሄድበትን ቀን ሁሉ ባውቅ እወዳለሁ። ሻጭ ብሆን ደግሞ የገዢው ኪስ ውስጥ ያለውን ባውቅ እወዳለሁ። መውደዴ መብት አያደርገውም። ስለዚህ ዕውቀቱ ስለ ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ስለ ዕቃው ያለ ዕውቀት ለገዢው ይገባል፤ ምክንያቱን ከላይ አይተናል። ስለ ሻጩ ያለ ዕውቀት ግን የሻጩ ነው። ሴትየዋ መኪናዋን የሚሸጡት ልጃቸውን ለማሳከም ይሁን ሌላ ለመግዛት፣ እስከ ስንት እንደሚወርዱም ቢሆን፣ ሊናገሩ አይገደዱም። ይህን ቢደብቁ ወጣቱ የሚረከባት መኪና አትለወጥም። ስለ ገበያው ያለ ዕውቀትም ከዚህ ጋር ይመደባል፤ እዚህ ላይ ከሲሴሮ እለያለሁ። የነዳጅ መኪና ዋጋ በቅርቡ ይወድቃል ብሎ የሚገምት ሻጭ ግምቱን ለገዢው የማካፈል የፍትሕ ዕዳ የለበትም። ገዢው ወሬውን ሻጩ ከሰማበት ቦታ ሊሰማ ይችላል፤ የሚረከበውም ገዛሁ ያለውን ነው። አኲናስም የእህሉን ነጋዴ ከፍትሕ ግዴታ ነጻ ያደርገዋል፤ ቢናገር ግን የበለጠ በጎነት እንደሆነ ይጨምራል። በሮድስ ታሪክ ልባችንን የሚይዘው የረሃቡ ነገር ነው፤ ለተራበ ሰው የሚገባው ደግሞ ከሽያጭ ሕግ በላይ ምሕረት ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ከሁለቱም ይከብዳል። ፍሬኗ የማይይዝ፣ መሪዋ የላላ መኪና ከሆነች መናገር ብቻውን አይበቃም። ገዢው ሰምቶ፣ ዋጋ አስቀንሶ፣ «ነገ አሠራዋለሁ» ብሎ ሊነዳት ይችላል። በዜብራው ላይ የሚያቋርጠው ተማሪ ግን ውሉን አልፈረመም፤ ቅናሹም አልደረሰውም። እንዲህ ያለውን ጉድለት ሻጩ ወይ ጠግኖ ማስረከብ አለበት፣ ወይም መኪናዋ በጎታች ወደ ጋራዥ እንድትሄድ ማድረግ አለበት። በሁለት ሰዎች ስምምነት የሦስተኛውን ሰው ሕይወት መደራደር አይቻልም።

አለማወቅና የደላላ አንደበት

ግዴታው የሚታወቀውን መናገር ከሆነ፣ አለማወቅ ነጻ ያወጣል? ከልብ ከሆነ አዎን። የቤት መኪና የሚነዳ ሰው የካምቢዮን ውስጥ እንዲያውቅ አይጠበቅም። ነገር ግን ሌላ ዓይነት አለማወቅ አለ። ከኮፈኑ ሥር የሚመጣውን ድምፅ እየሰማ፣ መካኒክ ቢያሳይ መልሱ እንደሚያስጨንቀው ገምቶ፣ ሳያስመረምር የሚሸጥ ሰው «እኔ አላውቅም» ሲል አልዋሸም። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። እንዲህ ያለው ሰው ቢያንስ የሰማውን ድምፅ ይናገር፤ ትርጉሙን ገዢው ያስመርምር። ጥርጣሬውን አለመናገር ራሱን በፈቃዱ ያስተኛበትን እንቅልፍ ለገዢው ማሻገር ነው።

የደላላው ጉዳይም ከዚህ አይርቅም። ደላላ ገዢንና ሻጭን ያገናኛል፤ በድካሙ ኮሚሽን መቀበሉ የተከበረ ሥራ ነው። ነገር ግን «ሞተር ያልተነካ»፣ «ሐኪም የያዛት» የሚለው ውዳሴ ከአፉ ሲወርድ ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ባለቤቱ አፉን አልከፈተም። ውዳሴው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ዋጋውን ሲቀበል ግን የደላላው ቃል የእሱ ቃል ሆኗል። «ይቅርታ፣ ሞተሯ አንድ ጊዜ ወርዷል» ለማለት የሚያስፈልገው አንድ ትንፋሽ ነው፤ ያን ትንፋሽ መቆጠብ እንደ ዝምታ ሊቆጠር አይችልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1704 አንድ ሰው ባይታለል ኖሮ የማይገባበትን ውል ማስፈረስ እንደሚችል ይደነግጋል። ከሕጉ ጀርባ ያለው ሐሳብ ለልቡናም ይሠራል፦ የሚጠየቀው ገዢው በምን አምኖ ፈረመ የሚለው ነው፤ ያን እምነት ሻጩ እያወቀ ከተጠቀመበት ባለቤቱ ሆኗል።

ችግርና ሰዓት

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ የችግር ተቃውሞ። ሴትየዋ ገንዘቡ ለሕክምና የሚያስፈልጋቸው ቢሆንስ? የብዙ ዓመት ቁጠባቸው ያለው በዚያች መኪና ውስጥ ነው። ይህን የሚል ሰው ርኅራኄው ትክክል ነው፤ ሒሳቡ ግን አንድ ሰው ረስቷል። ወጣቱ ይዞት የመጣው ገንዘብ ዕቁብ ወጥቶለት፣ ዱባይ ያለች እህቱ ጨምራበት፣ ከጓደኛ ተበድሮ የሞላው ሊሆን ይችላል። ችግር ጥሩ ዋጋ የመጠየቅ፣ ጠንክሮ የመከራከር፣ ጊዜ ወስዶ የተሻለ ገዢ የመጠበቅ መብት ይሰጣል። የራስን ችግር ሳይነግሩ ወደ ሌላ ቤት የማዛወር መብት ግን ከየት ይመጣል? የአንዱን ቤት እያየን የሌላውን ቤት ካላየን ርኅራኄያችን ሚዛን አጥቷል።

የመናገሪያው ሰዓትም ከነገሩ ይቆጠራል። ቀብድ ከተቀበሉ በኋላ የሚነገር እውነት ግማሽ እውነት ነው። ቀብድ የሰጠ ሰው ከውሉ ቢያፈገፍግ ቀብዱን ያጣል፤ ስለዚህ የሰማውን ጉድለት በነጻነት መመዘን አይችልም። ጉድለቱ መነገር ያለበት ዋጋ ከመቆረጡ በፊት፣ ገዢው ምንም ሳያጣ «አልገዛም» ማለት በሚችልበት ሰዓት ነው። ያኔ የሚደርሱበት ዋጋ ሁለቱም በሚያውቋት አንዲት መኪና ላይ የተደረሰ ዋጋ ይሆናል።

ስለዚህ ለመነሻው ጥያቄ መልሴ አዎን ነው፤ ከነድንበሩ። ሻጭ ስለ ራሱ ዝም ማለት ይችላል። ስለ ገበያው ዝም ማለት ይችላል። ገዢው ቆሞ የሚያየውን ነገር መዘርዘር አይጠበቅበትም። እሱ ብቻ የሚያውቀውን የመኪናዋን ጉድለት ግን ሳይጠየቅ፣ በጊዜው፣ በግልጽ ቃል መናገር ዕዳው ነው። ሲናገር ዋጋው ይቀንስ ይሆናል። ለዚያ ጉድለት የሚቀነሰው ገንዘብ ግን ከመጀመሪያውም የእሱ አልነበረም፤ ገዢው ሳያውቅ ሊከፍለው የነበረ የራሱ የገዢው ገንዘብ ነው።